ልጄን የት ላስገባት?

(በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ከባልትና ቡድን አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምርጫ አንድ ነገር ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ ስቄ ነበር። እኔ ከ7ኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ሽሮ ሜዳ ላይ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ የምሸጥ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም። እሷ ግን «አንቺ ሁለት ልጅ አስገብተሻል፤ አንዴ ተሳስተሻል፣ አንዴ ቀንቶሻል፤ ሁለቱንም ንገሪን» አለችኝ። ዘንድሮ ከመካከላችን 11 እናቶች 8ኛ ክፍል ያለፈ ልጅ ይዘው «የት ላስገባ?» እያሉ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ። ከስህተቴ ልጀምር።

ትልቋ ልጄ 8ኛ ክፍል አልፋ 9ኛ የገባችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የመረጥኩት በምን እንደሆነ ልንገራችሁ? በዩኒፎርም ነው። አትሳቁ። በመንገዳችን ላይ ጠዋት ጠዋት የሚያልፉ ልጆች ነበሩ፤ ሰማያዊ ኮት፣ ክራባት፣ በእንግሊዝኛ የሚያወሩ። ጎረቤቴም «የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅሽን አስገብተሽ ልታበላሺያት ነው?» አለችኝ። በቃ፣ ልቤ ተነሳ። የግል ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቼ ያየሁት ቀለም የተቀባውን ግድግዳና ቢሮ ውስጥ የተቀመጠውን ዋንጫ ብቻ ነው። አንድም ክፍል ገብቼ አላየሁም፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። የወር ክፍያው 900 ብር ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ በደህና ወር የማተርፈው ከ2,000 ብር አይበልጥም።

አሁን የምናገረውን ከቡድኔ በቀር የሰማው የለም፤ ዛሬ በሁላችሁም ፊት ልናገረው ወስኛለሁ። በዚያው ወር ከማህበራችን 6,000 ብር ተበድሬ ነበር። በመዝገቡ ላይ «ለበርበሬ መግዣ» ተብሎ ተጽፏል። በርበሬ የገዛሁበት ግን 2,000ው ብቻ ነው። 4,000ው ለመመዝገቢያ፣ ለዩኒፎርም፣ ለመጽሐፍና ለመጀመሪያ ወራት ክፍያ ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው። በርበሬ በረከሰበት ወር መግዛት ሳልችል ቀረሁ፤ ከተወደደ በኋላ በትንሽ በትንሹ እየገዛሁ ከኪሳራ ጋር ስታገል ከረምኩ። ብድሩን ለመመለስም አራት ጊዜ ቅጣት ከፍያለሁ። ስትጠይቁኝ «ገበያው ቀዝቅዞ ነው» እላችሁ ነበር። ገበያው አልቀዘቀዘም፤ ገንዘቡ ገበያ አልገባም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ትምህርቱ በቴሌግራም ይላካል ተባለ። እኔ የነበረኝ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ልጄ የጓደኛዋን ስልክ እየተዋሰች ደጃፍ ላይ ቆማ ትገለብጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የወር ክፍያው 1,250 ብር ገባ። የወላጅ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ እኔ የገበያ ቀን ነው ብዬ ቀረሁ። ያልሄድኩበትን ስብሰባ ውሳኔ ከፈልኩ ማለት ነው። ሦስት ወር ውዝፍ ሲደርስብኝ ልጄ ከፈተና ክፍል ተጠርታ ወጣች። ማታ ስትመጣ አላለቀሰችም፤ «እማዬ፣ ራት አልፈልግም» ብላ ተኛች። ያንን ማታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

10ኛን ስትጨርስ መልቀቂያ ለማውጣት የእናቴን የአንገት ሀብል ሸጥኩ። 11ኛ ክፍል ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ስትደርስ ነው ሌላው ነገር የተገለጠልን። በዚያ ባማረ ግቢ ውስጥ በአንድ ዓመት ሦስት የፊዚክስ መምህር ተለዋውጦባት ነበር። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሚባለውም ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። እኔ ለሁለት ዓመት ስከፍል የኖርኩት ለኮትና ለክራባት ነው።

ይህን ስል የግል ትምህርት ቤት ሁሉ መጥፎ ነው፣ የመንግሥት ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ስሙን ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። ጥፋቱ ሳልጠይቅ የገባሁት የእኔም ነው። ልጆቻቸውን በጥሩ የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አባላት እዚሁ ተቀምጠዋል፤ እነሱ አቅማቸውን አውቀው፣ ጠይቀው ነው የገቡት።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቀናል? የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ድሮው ስላልሆነ ነው። የ10ኛው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ ዛሬ ሸክሙ ሁሉ ያለው 12ኛ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጊዜ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀመሩ። ኩረጃ ሲዘጋ እውነቱ ወጣ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ማለትም 50 ከመቶ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ልብ በሉ፤ ጥቂት ልጅ አሳለፉ ማለት አይደለም፣ አንድም አላሳለፉም።

ትልቋ ልጄ የተፈተነችው በዚያው በ2015 ዓ.ም. ነው። 50 ከመቶ አልሞላላትም። ሪሚዲያል ገብታ አንድ ዓመት ታግላ አለፈች፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ፊዚክስና ሂሳብ ክፍተት እስከ መጨረሻው ተከትሏታል።

ስለዚህ ሁለተኛዋ ልጄ በዚያው ክረምት 9ኛ ልትገባ ስትል «ይህችን በዩኒፎርም አልመርጥላትም» አልኩ። አንድ ደብተር ገዛሁ፤ ትልቋ ልጄ መስመር አሰመረችልኝ። ሦስት ትምህርት ቤቶችን ጻፍን። አንዱ የተመደበችበት የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ፣ ስሙ የገነነ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ትንሿ የምትፈልገው እሱን ነበር፣ ጓደኛዋ ስለምትሄድ። ሦስተኛው መካከለኛ ክፍያ ያለው የግል ነው። ከዚያ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅን። ጥያቄዎቹን ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ውጤት ነው። «ጎበዝ ናችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማን አይደለሁም ይላል? «ባለፈው ዓመት ስንት አስፈተናችሁ? ከነዚያ ስንቱ 300 እና ከዚያ በላይ አመጡ?» በሉ። ፈተናው ከ600 ነው የሚታሰበው፤ 300 ማለት 50 ከመቶ ነው። በር ላይ የአንድ ጎበዝ ልጅ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሎ ልታዩ ትችላላችሁ። ያ ልጅ እናቱን ደስ ይበላት፤ የቀሩት ግን የት ደረሱ? አንዱ ትምህርት ቤት 400 አስፈትኖ 20 ቢያሳልፍ፣ ሌላው 30 አስፈትኖ 6 ቢያሳልፍ፣ 20 ከ6 ይበልጣል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የመጀመሪያው ከመቶ 5፣ ሁለተኛው ከመቶ 20 ነው ያሳለፈው። ደግሞም አጣርቶ የሚቀበለውን ከማያጣራው ጋር እኩል አትመዝኑ። ተመርጦ የተለቀመ ዘር የተዘራበት ማሳ ቢያምር አይገርምም። የሰፈር ትምህርት ቤት የመጣለትን ሁሉ ነው የሚያስተምረው።

ሁለተኛው የኢንስፔክሽን ደረጃ ነው። ይህን እኔም ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥትም የግልም፣ በ26 መመዘኛ ይለካሉ። ለግብዓት 25፣ ለመማር ማስተማር ሂደቱ 35፣ ለውጤቱ 40 ከመቶ ይያዛል። ድምሩ ከ50 በታች የሆነው ደረጃ 1፣ ከ50 ጀምሮ ደረጃ 2፣ ከ70 ጀምሮ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። «ደረጃችሁ ስንት ነው? መቼ ነው የተለካችሁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ ስጠይቅ አንዱ ቦታ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩኝ፤ አንዱ ቦታ «ለምንሽ ነው?» አሉኝ። «ለምንሽ ነው» ያለኝን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሦስተኛው የተማሪ ደብተር ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ማንበብ ለማትችል እናትም ይሆናል። እዚያ ትምህርት ቤት የሚማር የሰፈር ልጅ ፈልጉና የሂሳብና የእንግሊዝኛ ደብተሩን ለምናችሁ እዩ። ቀይ እስክሪብቶ አለበት? መምህሩ አርሟል ወይስ ዝም ብሎ ምልክት አድርጎ አልፏል? በሳምንት ስንት ቀን ተጽፏል? ቲማቲም የምትሸጥልን እህታችን ልጅ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ተማሪ ነው፤ የሂሳብ ደብተሩ በየሳምንቱ የታረመ ነበር። የፊዚክሱ ግን መካከል ላይ ለሁለት ወር ባዶ ነው። «መምህሩ ለቆ ነው» አለኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ።

አራተኛው መንገዱ ነው። መንገዱን በካርታ ወይም በወሬ አትለኩት፤ ልጃችሁን ይዛችሁ ልክ በትምህርት ሰዓት ሂዱበት። እኔና ትንሿ ወደ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ወረፋው፣ ግፊያው፣ መጨናነቁ፤ 2 ሰዓት ከ25 ደረስን። ስንመለስ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ታክሲ ጠፍቶ ሊመሽብን ነበር። ደርሶ መልስ በቀን አራት ጉዞ ነው፤ በወር 22 የትምህርት ቀን ቢኖር 88 ጉዞ፤ በአሥር ወር 880 ጉዞ። በታክሲ ዋጋ አባዙት። ዋጋው ሲጨምር ደግሞ እንደገና አባዙት። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የ15 ዓመት ሴት ልጅ በጨለማ ታክሲ ተራ ቆማ ማየት ነው ያስፈራኝ። እኔ እስክናገር አልጠበቀችም፤ ታክሲ ውስጥ ሆና «እማዬ፣ ይሄንን በየቀኑ ከሆነ መቼ ነው የማጠናው?» አለችኝ።

አምስተኛው የሴት ልጅ ነገር ነው። ወንዶች ሲመርጡ አይጠይቁትምና እኛ እንጠይቅ። የሴቶች መጸዳጃ ለብቻው አለ? በሩ ይዘጋል? ውሃ አለ? የወር አበባ በድንገት ቢመጣባት ሞዴስ የሚሰጣትና የምታርፍበት ክፍል አለ? በወር ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በአሥር ወር 30 ቀን ቀረች ማለት ነው፤ ያ አንድ ወር ከምናምን ትምህርት ነው። ችግር ቢደርስባት የምትነግራት ሴት መምህርት ማን እንደሆነችም ጠይቁ።

ስድስተኛው ሙሉ ሒሳቡ ነው። የወር ክፍያውን ብቻ አትስሙ። መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት፣ ምሳ፤ ሁሉንም ደምሩ። በተለይ ምሳን አትርሱ። የከተማችን የተማሪዎች ምገባ ታናናሾቹን ልጆች ነው የሚያቅፈው። ልጃችሁ 8ኛ ድረስ ትምህርት ቤት ስትበላ ኖራ ከሆነ፣ ከመስከረም ጀምሮ ምሳዋ ወደ እናንተ ይመለሳል። እኔ ይህን ቀድሜ ባላስበው ኖሮ ጥቅምት ላይ እደነግጥ ነበር። የግል የምታስገቡ እናቶች ደግሞ ጭማሪ መቼና እንዴት እንደሚወሰን፣ ብትለቁ መልቀቂያ እንዴት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የወላጅ ስብሰባም አትቅሩ። እኔ ቀርቼ አይቼዋለሁ።

ሰባተኛው ልጅቷ ራሷ ናት። ለትልቋ ልጄ የመረጥኩት ሳልጠይቃት ነው። ለትንሿ ግን ደብተሩን ፊቷ አስቀምጬ «አንቺስ?» አልኳት። አባቷ «ስም ያለው ቦታ ትግባ» ነበር የሚለው። ለሦስት ማታ ተከራከርን። በመጨረሻ እሷ ናት የወሰነችው። «የሰፈሩ ይሁን፤ ግን የታክሲውን ብር ለማጠናከሪያ ስጡኝ» አለች። የ15 ዓመት ልጅ ከእኔ የተሻለ ነጋዴ ሆና ተገኘች።

እንዲሁ አደረግን። የታክሲው ገንዘብ ለቅዳሜ ማጠናከሪያ ዋለ፤ ሂሳብና እንግሊዝኛ፣ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ተካፍለው ለአንድ መምህር ይከፍላሉ። በእግሯ 20 ደቂቃ ትሄዳለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ናት።

ሁሉ ሰመረ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በአንድ ክፍል መስፈርቱ 40 ተማሪ ሆኖ እሷ ክፍል ከ60 በላይ ነበሩ። የፊዚክስ መምህር የጠፋበት ጊዜ ዳግመኛ ደረሰ። ቤተ መጻሕፍቱም ልጆቹ ከክፍል ከመውጣታቸው በፊት ይዘጋ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሰፈር ትምህርት ቤት ስለሆነ ሄደን መጠየቅ ቻልን። ስድስት እናቶች ሆነን ወደ ወላጅ መምህር ህብረት ሄድን። መጀመሪያ ቀን ርዕሰ መምህሩ አልተገኙም። ሁለተኛ ቀን «በጀት የለም» ተባልን። ሦስተኛ ቀን አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ፈቃደኛ ሆነችና በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 12 ሰዓት እንዲከፈት ተደረገ። አምስት ቀን ነበር የለመንነው፤ ሦስት ቀን አገኘን። ሦስት ቀን ከዜሮ ይሻላል። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ተያይዘው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ። ትንሿ ልጄ ዘንድሮ 10ኛን ጨርሳ 11ኛ ተዛውራለች፤ የተፈጥሮ ሳይንስ መርጣለች። 12ኛ ላይ ምን ታመጣለች? እሱን ፈጣሪ ያውቃል። ፊዚክስ ደብተሯ ላይ ግን ባዶ ገጽ ሲኖር ከማን እንደምትሞላው ታውቃለች።

እናቴ ልጅ ሳለች «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን» ይባል ነበር። ግን በዚያ ዘመንም ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ስድስት ኪሎ ላይ እቴጌ መነን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበር። በኋላ የካቲት 12 ተባለ፤ ዛሬ ተመልሶ በእቴጌ መነን ስም የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ተወዳድረው የሚገቡበት ነው። እናቴ በዚያ አጥር ሥር እንጨት ተሸክማ ስታልፍ ኖራለች፤ ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ጎበዝ ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች እንዲህ ያለው ዕድል ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። «የእኛ ልጅ ማን ሆና» አትበሉ። ማስታወቂያው የሚያልፈን ዕድሉ ስለሌለ ሳይሆን ሳንጠይቅ ስለምንቀር ነው።

አሁን ሦስት ነገር ለማህበሩ ላቅርብና ላብቃ።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ይኑረን። እኔ ብቻዬን ሦስት ትምህርት ቤት ለመዞር አሥር ቀን ገበያዬን ትቻለሁ። ሁለት ሁለት ሆነን ብንከፋፈል በአንድ ሳምንት አሥራ ሁለት ትምህርት ቤት እንጠይቃለን። ያገኘነውን በአንድ መዝገብ እንጻፍ፤ ለሚቀጥለው ዓመት እናቶችም ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ብድር ለብቻው ይከፈት። እኔ የዋሸሁት መዝገባችን ላይ «ለልጅ ትምህርት» የሚል መስመር ስላልነበረ ነው። ይህ ጥፋቴን አያነሳልኝም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን እንደኔ የዋሸች ሌላም እናት እዚህ ልትኖር ትችላለች። ነሐሴ ላይ ተሰጥቶ በአሥር ወር በትንሽ በትንሹ የሚመለስ ብድር ቢኖር የንግድ ብድሩ ለንግድ ይውላል፤ ማንም ማንንም አይዋሽም።

ሦስተኛው ለረጂዎቻችን ነው። በየመስከረሙ የምትሰጡን ደብተርና ቦርሳ ልጆቻችንን ደስ አሰኝቷል፤ እናመሰግናለን። ብትፈቅዱ ግን ከዘንድሮው ጥቂቱ ለሌላ ነገር ይዋል፤ ለቅዳሜ ማጠናከሪያ መምህር ክፍያ፣ ሰፈራችን ላለው ትምህርት ቤት የሴቶች ክፍል ሞዴስና የውሃ ታንከር። ቦርሳው በዓመቱ ይቀደዳል፤ ልጅቷ የገባት ሂሳብ ግን አይቀደድም።

ይህን ንግግር ለማቅረብ ስዘጋጅ ትልቋ ልጄ ስልክ ደውላ ነበር። «የእኔንም ታሪክ ልታወሪ ነው?» አለችኝ። «ካልፈለግሽ እተወዋለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «አውሪው። ግን ኮቱን እኔም ወድጄው እንደነበር ንገሪያቸው» አለችኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እኔና ሁለት እናቶች ወደ ሁለት ትምህርት ቤቶች እንሄዳለን። መምጣት የምትፈልጉ ስትወጡ ጸሐፊያችን ዘንድ ስማችሁን አስመዝግቡ። ደብተርና ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ።